ውሻ ላሳድግ ወይ ለምትሉኝ

ከተሞክሮዬ

አዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር ማለዳ ላይ ቀይ ውሻ ይዛ የምትሄድ ጡረተኛ መምህርት አይታችሁ ከሆነ እኔ ነኝ። ሰፈሩ በዚህ ምልክት ስለሚያውቀኝ ሰዎች ቤቴ ድረስ መጥተው ያማክሩኛል። ባሏ የሞተባት የዕድራችን አባል መጥታለች። ልጁ «ቡችላ ካልገዛህልኝ» ብሎ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣው አባት መጥቷል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖረው የእህቴ ልጅ ደግሞ ሦስት ጊዜ ደውላልኛለች። የሁሉም ጥያቄ ሲጨመቅ አንድ ነው፤ «ውሻ ባሳድግ ደስ ብሎኝ እኖር ይሆን?»

ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለኝም። ባሏ ለሞተባት ሴት «አሳድጊ» አልኳት፣ ለአባትየው «ለጊዜው ይቅርብህ» አልኩት። ያወቅሁትን ያወቅሁት አንድ ቡችላ ቀብሬ፣ አንዲት ውሻ ከሰንሰለት ፈትቼ፣ የጎረቤት ልጅ ከተነከሰ በኋላ አሥር ቀን እንቅልፍ አጥቼ ነው። እንደ አመጣጡ ልንገራችሁ።

1. የመከረችኝ እህቴ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው

እናቴ ጥር 2010 ዓ.ም. አረፈች። በዓመት ከመንፈቋ ልጄ ወደ ካናዳ ሄደች። ሦስት ክፍል ቤት፣ አንድ ኮክና ሁለት የቡና ዛፍ ያለበት ግቢ ለእኔ ብቻ ቀረ። ማታ ማታ ቴሌቪዥን የምከፍተው ለማየት አልነበረም፤ ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ነበር። ታናሽ እህቴ ይህን ስነግራት «እትዬ፣ ውሻ ያዢ። እኔን ከብቸኝነት ያወጣኝ ውሻዬ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ያልገባኝ ደስታዋ ከውሻው ብቻ የመጣ አለመሆኑ ነው። እሷ ያለችበት ቦታ ውሻ ይዞ የሚሄድን ሰው መንገደኛ ቆሞ ሰላም ይለዋል። ውሻ የሚሮጥበት የታጠረ ሜዳ አለ። ራቅ ብላ ስትሄድ በክፍያ የሚያሳድሩላት ሰዎች አሉ። እኛ ሰፈር ውሻ ይዤ ስወጣ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ይሰበስባሉ፣ ልጆቹ ድንጋይ ያነሣሉ፣ የቆሻሻ ገንዳው አጠገብ የሚያድሩት ባለቤት የሌላቸው ውሾች ደግሞ ግር ብለው ይመጣሉ። አንድ ሰው ውሻ እንዳስደሰተው ሲነግራችሁ መጀመሪያ የት እንደሚኖር፣ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ጠይቁት።

2. ያዘነ ልብ ቡችላ መምረጥ አይችልም

ኅዳር 2012 ላይ መንገድ ዳር ቡችላ ታቅፈው ከሚሸጡ ልጆች አንዱን ገዛሁ። ነጭና ጥቁር ነበር፤ በመዳፌ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። «ሁለት ወሩ ነው፣ ክትባቱን ጨርሷል» አሉኝ። ወረቀት አልጠየቅሁም፣ እናቱን አላየሁም። ያን ቀን የታየኝ መንቀጥቀጡ ብቻ ነው። ጃክ አልኩት።

በስድስተኛው ቀን መብላት አቆመ። በሰባተኛው አስመለሰው፤ ከዚያ ደም የቀላቀለ፣ ሽታው ከአፍንጫዬ ለሳምንታት ያልወጣ ተቅማጥ ያዘው። የእንስሳት ሐኪሙ አይቶት «ፓርቮ ነው» አለ። ጥርሱን ከፍቶ ካየ በኋላም «ይህ እኮ ከአምስት ሳምንት አይበልጥም» አለኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሌሊት ሞተ። ኮኩ ሥር ቀበርኩት።

እናቴ ስትሞት ድንኳን ነበር፣ ለቀስተኛ ነበር፣ ዕድርተኛ ነበር። የእናቴን ሐዘን ሰው ተካፈለኝ። ጃክ ሲሞት ግን በሬን ዘግቼ አለቀስኩ፤ «ለውሻ ታለቅሳለች» እንዳልባል። እያለቀስኩ ያለሁት ለእሱ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቡችላውን የገዛሁት በእናቴ ቦታ የሚንከባከቡት ነገር ፈልጌ ነበር፤ እሱ ደግሞ የራሱን ሕይወት ይዞ የመጣ፣ ከእናቱ ጡት ያለጊዜው የተነጠቀ ፍጥረት ነበር።

ያን ጊዜ ባውቀው ኖሮ የምለውን አሁን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። ቡችላ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቱ ጋር መቆየት አለበት። የፓርቮ ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜው ይጀመርና በየጥቂት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት ይዘልቃል፤ ስለዚህ የሁለት ወር ቡችላ «ክትባቱን ጨርሷል» ሲባል አትመኑ። ፓርቮ በ1978 እ.ኤ.አ. የታወቀ በሽታ ነው፤ ቫይረሱ አፈር ውስጥ ዓመት ሊቆይ ይችላል። በተራ ሳሙና አይጠፋም፣ በረኪና ግን ይገድለዋል። ቤቱን በበረኪና አጠብኩ፤ የግቢው አፈር ግን አይታጠብም። ሐኪሙ «ዓመት ሳይሞላ ሌላ ቡችላ እንዳታስገቢ» አለኝ። ቃሉን አከበርኩ።

3. ቁጥሩን በደንብ አንብቡት

ሠላሳ አምስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ፤ ቁጥር ሲጠራ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። እህቴ «ውሻ ያለው ሰው ዕድሜው ይረዝማል» ስትለኝ የት እንደተገኘ ፈለግሁ። በ1980 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አለ። በልብ ሕመም ሆስፒታል ገብተው የወጡ 92 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። የቤት እንስሳ ካላቸው 53 ሰዎች የሞቱት 3 ሲሆኑ፣ ከሌላቸው 39 ሰዎች 11 ሞቱ። ይህን ያነበበ ሰው ዛሬውኑ ውሻ ቢፈልግ አልፈርድበትም።

ግን ሌላም አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ5,000 የሚበልጡ ልጆችን መረጃ መረመረ። ውሻ ወይም ድመት ያላቸው ልጆች ጤናቸው የተሻለ ነበር። የቤተሰቡ ገቢ፣ የራስ ቤት መኖርና የመሳሰለው ሲሰላ ግን ልዩነቱ ጠፋ። እንስሳ ማሳደግ የሚችለው ቤተሰብ ቀድሞውኑ የተሻለ ይኖር ነበር ማለት ነው። የእኛን ሰፈር ተመልከቱ። ዓለም ባንክ ውስጥ ውሻ ያለው ማነው? ግቢ ያለው። ግቢ ያለው ሰው ደግሞ ከአከራይ ጭቅጭቅና በየዓመቱ ዕቃ ከመጫን የተገላገለ ነው። ፊቱ ፈካ ብሎ ብታዩት ምስጋናውን ለውሻው ብቻ አትስጡ።

ከሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው በ2015 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ያወጡት ነው። ውሻና አሳዳጊው ዓይን ለዓይን ሲተያዩ፣ እናትና ሕፃንን የሚያቀራርበው ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን በሁለቱም ሰውነት ውስጥ እንደሚጨምር አገኙ። «በሁለቱም» የሚለውን ቃል ሳነብ ብዙም አላስተዋልኩትም ነበር። ውሻዬ ዳማ ናት ያስተማረችኝ።

4. ውሻዋ ደስ ሳይላት እኔ ደስ አላለኝም

መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። እኔም በዚያው ዓመት ስልሳ ሞልቶኝ፣ ተማሪዎቼን ሳልሰናበት ጡረታ ወጣሁ። ሰኔ ላይ ከፊት ለፊቴ ያሉት ጎረቤቶች የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሷቸው ነበርና ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ውሻቸው ቀረች። አዲስ የገባው ተከራይ «ቲቸር፣ የሚወስዳት ካልተገኘ አውጥቼ መልቀቄ ነው» አለኝ። ባለቤት የሌለው ውሻ መንገድ ላይ ወጥቶ ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቃለን፤ ወይ መኪና፣ ወይ መርዝ፣ ወይ ሌሊት ከዳር የሚመጣው ጅብ።

ላያት ገባሁ። ሁለት ክንድ በምትሆን የብረት ሰንሰለት ከአንድ ፌሮ ጋር ታስራለች። በዙሪያዋ ሣር የሚባል የለም፤ መሬቱ ተረግጦ ተረግጦ እንደ ሲሚንቶ ጠጥሯል፣ ዳርና ዳሩ ደግሞ በኮምፓስ የተሰመረ ይመስል ልክ ክብ ነው። ከዚያ ወዲያ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። በሕይወቴ ስንት ክብ ሰሌዳ ላይ እንደሣልኩ አላውቅም፤ እንደዚያኛው ያሳዘነኝ የለም። አራት ዓመት ሬዲየሱ ሁለት ክንድ በሆነ ዓለም ውስጥ ኖራለች። ቀለሟ የዳማ ፈረስ ቀለም ነበርና ዳማ አልኳት።

አሁን የምጽፈው ያሳፍረኛል፤ ግን ካልጻፍኩት ነገሩ ሁሉ ትርጉም የለውም። ወደ ግቢዬ ካመጣኋት በኋላ እኔም አሰርኳት። ሁሉም ሰው እንደዚያ ስለሚያደርግ፣ ውሻ ማለት ቀን የሚታሰር ሌሊት የሚለቀቅ ሌባ ጠባቂ ስለሆነ፣ አሰርኳት። ጠዋት ምግቧን አስቀምጬ እመለሳለሁ፣ ማታ እለቃታለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆንን። ውሻ ነበረኝ፤ ብቸኝነቴ ግን እንደነበረ ነበር። ድሮ የቤቱን ጸጥታ እሰማ ነበር፣ አሁን የሰንሰለቱን መንቀጫቀጭ እሰማለሁ። እሷም እኔን አታየኝም፣ እኔም እሷን አላያትም።

የእኔ ዘመን ሰው የጃንሆይን ሉሉ ያስታውሳል። ትንሽዬ ቺዋዋ ውሻ ነበረች፤ ንጉሡ ባሉበት የማትታጣ። እናቴ ስለ እሷ ስታወራ «ለውሻ ይህን ያህል!» ትል ነበር፤ እኔም እንደዚያው አስብ ነበር። በእኛ አገር ውሻ ወይ ከእግር ሥር የማይታጣ የቤተ መንግሥት ባለሟል ነው፣ ወይ የታሰረ ደወል። በሁለቱ መካከል ያለ ኑሮ አላየሁም ነበር።

አንድ ጠዋት ሰንሰለቱን ከአንገቷ ፈታሁት። ትሮጣለች ብዬ ነበር። አልሮጠችም። ሰንሰለቱ ይደርስ እስከነበረበት ድረስ ትሄድና ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ትመለሳለች፤ እንደገና ትዞራለች። የሌለ ሰንሰለት ይጎትታታል። ሌሊት ስትለቀቅ በጨለማ ትንጎራደድ የነበረችው ውሻ፣ ቀን ቀን ያንን ክብ መሻገር አልቻለችም። በርጩማዬን አምጥቼ ከክቡ ወዲህ ተቀመጥኩ፣ ዳቦ በእጄ ይዤ። ቡናዬንም እዚያው እጠጣለሁ፣ ጋዜጣዬንም እዚያው አነባለሁ። አልጠራኋትም። በዘጠነኛው ቀን የፊት ቀኝ እግሯን አወጣች፤ አፈሩን አሸተተች፤ ከዚያ ግራዋን። ዳቦውን ትታ ጉልበቴን አሸተተች። ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም አየኋት።

እናቴ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለዚህ ነው አሁን «ውሻ ያስደስተኝ ይሆን?» ለሚለኝ ሁሉ ጥያቄውን ገልብጬ የምጠይቀው፤ አንተስ ውሻውን ታስደስተዋለህ? ቀኑን የሚውልበት ቦታ አለህ? በቀን አንድ ሰዓት አብረኸው ትሆናለህ? ያ አባት ለዚህ ሲመልስልኝ «ሠራተኛዋ አለች» አለኝ። ይቅርብህ ያልኩት ለዚህ ነው።

5. ጎረቤት ሳይጠየቅ ውሻ አይገባም

ዳማን ይዤ መውጣት የጀመርኩት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ኪዳን የሚሄዱ ነጠላ ለባሾችና ከፈጅር ሰላት የሚመለሱ አባቶች መንገዱን በሚጋሩበት ሰዓት። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ይሸሸን ነበር። ክረምት ላይ ኮብልስቶኑ በጭቃ ይሸፈናል፤ አንድ እጄ ገመድ፣ አንድ እጄ ዱላ ይይዛል። ግን ስድስት ወር ሳይሞላ የጉሊት ሴትዮዋ «ዳሚዬ!» ማለት ጀመረች። የሌሊት ዘበኛው ከሥራ ሲወጣ ይጠብቀናል። ጀበና ቡና የምትሸጠዋ ልጅ ገና ስታየን በርጩማ ታቀርባለች። እዚህ ሰፈር 27 ዓመት ኖሬ የማውቀው ዕድርተኛውን ነበር፤ አሁን ማለዳ የሚወጣውን ሰው ሁሉ አውቀዋለሁ። ከውሻዋ ያገኘሁት ደስታ ግማሹ የእነዚህ ሰዎች ነው።

ያጣሁትም አለ። ሁለት የቅርብ ዘመዶቼ ውሻ ስለሚፈሩ ቤቴ መምጣት ትተዋል፤ ልጠይቃቸው እኔ እሄዳለሁ እንጂ እንደ ድሮው በዓል በዓል አይመጡልኝም። ይህ ቀላል አይደለም። ግድግዳ የምንጋራቸው ሐጂ ደግሞ በግልጽ ነገሩኝ፤ «መምህርት፣ ምራቋ ልብሴን ከነካ ሳላጥበው አልሰግድበትም። እሷን ጠልቼ እንዳይመስልሽ።» ቀጥለውም ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ውኃ ቀድቶ በማጠጣቱ ኃጢአቱ የተማረለትን ሰው ታሪክ ከሐዲሥ ነገሩኝ። በበረንዳውና በግቢው መካከል ዝቅ ያለ የእንጨት በር አሠራሁ። ሐጂ ሲመጡ ዳማ ከበሩ ወዲያ ትሆናለች። በጋ ላይ እሳቸውም በራቸው ሥር ውኃ በጎድጓዳ ሳህን ያስቀምጡላታል።

6. አሥር ቀን

ጥቅምት 2014፣ የመውሊድ ዕለት፣ የሐጂ የልጅ ልጅ በሳህን ምግብ ይዞልኝ መጣ። ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዳማን ይወዳታል። በሩን ከፍቶ ገባ። ዳማ አጥንት ይዛ ነበር። ሊደባብሳት እጁን ዘረጋ፤ ነከሰችው። አውራ ጣቱ ሥር ሁለት ቀዳዳ፣ ደም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አጥንቱን ልጅ በሚገባበት በር አጠገብ የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ሰንሰለት ላይ ያደገ ውሻ ምግቡን እንደሚጠብቅ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ቧንቧ ከፍቼ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አጠብኩት፤ ሰዓት እያየሁ አሥራ አምስት ደቂቃ። ልጁ ይጮሃል፣ እናቱ ታለቅሳለች፣ እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አላቆምኩም። ለእብድ ውሻ በሽታ የመጀመሪያው መድኃኒት ይኸው ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን ታጥቦ የተከተበ ሰው ይተርፋል። በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ በበሽታው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች መካከል 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። አዲስ አበባም ይህን መከራ ገና በልጅነቷ አውቃዋለች፤ በ1903 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ ተነሥቶባት ነበር። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በ1885 እ.ኤ.አ. ለአንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሰጠ። ጉለሌ ያለውን የጤና ኢንስቲትዩት የአዲስ አበባ ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር» ብሎ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። የእኔ ዕድሜ ሰዎች ሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን አሥራ አራት መርፌ አይረሱትም።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችው የዳማን የክትባት ወረቀት ነው። ነበረኝ፤ በየዓመቱ አስከትባታለሁ። ሐኪሟ ግን በወረቀት ብቻ አላረፈችም። ልጁ በዕለቱ አንድ መርፌ ክንዱ ላይ ተወጋ፤ ሌላው በሦስተኛው፣ ሌላው በሰባተኛው ቀን ነበር። ውሻዋ ታስራ ሳይሆን ግቢ ውስጥ ተዘግታ አሥር ቀን እንድትጠበቅ ታዘዘ። በሽታው በምራቋ ውስጥ ከነበረ በእነዚያ ቀናት ትታመማለች ወይም ትሞታለች፤ ጤነኛ ሆና አሥሩን ቀን ከጨረሰች ልጁ ነፃ ነው።

አሥሩን ቀን ቆጠርኩ። ውኃ ስትጠጣ አያለሁ፤ ጠጣች። ሌሊት በባትሪ እወጣለሁ፤ ጅራቷን ትቆላልኛለች። ሐጂ በየጠዋቱ በግድግዳው ላይ «እንዴት አደረች?» ይላሉ፤ «ደኅና አድራለች» እላለሁ። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልወጣቸውም። የልጁን ወጪ ሁሉ እኔ ከፈልኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ልጁ ራሱ መጥቶ ከእንጨት በሩ ወዲያ ቆሞ «ዳማ ይቅር ብላኛለች?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት።

ውሻ ልታሳድጉ ካሰባችሁ ክትባቱ ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ በየዓመቱ ነው፤ አንድም ዓመት አይዘለል። ነገሩ የእናንተን ውሻ ብቻ የሚመለከት አይምሰላችሁ። በ2003 እ.ኤ.አ. ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮዎችን የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ወደ እነሱ የሚሻገረው ከሰው ውሾች ነው። የጤና ባለሙያዎች እንደሚሉት በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መዛመቱን ያቆማል።

7. የእኛ ፍርፋሪ ለእሷ አይሆንም

ዳማን በወጥ ፍርፋሪ ነበር የጀመርኳት። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል እንደሚያፈርስ አላውቅም ነበር፤ ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ወጥ አይደለም። አሁን ቅንጬ ወይም ሩዝ ያለ ጨው አበስልና ከሥጋ ቤት የማመጣውን ልፋጭ እጨምርበታለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቶቹ ለ55 ቀን ይዘጋሉ፤ እኔ እጾማለሁ፣ እሷ ግን አትጾምም፣ ስለዚህ ቀድሜ እንቁላል አስባለሁ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል፤ የፋሲካ ዶሮ አጥንት እሷ ዘንድ አይደርስም።

የእርድ ቀን ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ። የበጉ ሳንባ ወይም ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ ለውሻ አትወርውሩት፤ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ያ ከረጢት ውሻው ሆድ ውስጥ ገብቶ የኮሶ ዓይነት ትል ይሆናል። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ወደ ልጆቻችን እጅ ይመጣል፤ የሰው ጉበትም እንደ በጉ ውኃ ይቋጥራል። በየግቢው በደግነት የሚጣል ጥሬ ጉበት ነው ይህን የሚያዞረው።

ወጪው ሁሉ ሲደመር፣ ከክትባቱና ከትላትል መድኃኒቱ ጋር፣ ከጡረታዬ ስድስት እጅ አንዱን ይወስዳል። ቀድሞ ማስላት ይሻላል።

8. ድመት

ቀኑን ሙሉ ሥራ ለሚውል ሰው ድመት እመክራለሁ። የእኔዋ ውሮ ሁለት ቤት አላት፤ ጠዋት እኔ ዘንድ፣ ከሰዓት በኋላ ሐጂ ዘንድ፤ እሳቸው ምንጣፋቸው ላይ ያስተኟታል። ድመትም ለእብድ ውሻ በሽታ ትከተባለች። ከጎረቤት ጋር ግን ስለ አይጥ መርዝ ቀድማችሁ ተስማሙ፤ መርዝ የበላች አይጥ የበላች ድመት ልትሞት ትችላለች።

9. ከእኔ በኋላስ?

ውሻ አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይኖራል። ስልሳ ዓመቴ ላይ ዳማን ስወስድ ይህን አላሰብኩም፤ እሷም የተረፈችው ከእነሱ በኋላ ማን እንደሚይዛት ካላሰቡ ሰዎች ነው። አሁን በቁም ሳጥኔ በር ውስጠኛው ገጽ ላይ ከክትባት ወረቀቷ ጋር አንድ ደብዳቤ ለጥፌአለሁ። የሌሊት ዘበኛው ሊይዛት ተስማምቶ ፈርሞበታል።

10. ከመውሰድ በፊት መዋስ

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። ሦስተኛ ጊዜ ስትደውልልኝ አዎንም እምቢንም ተውኩና «ደብረ ብርሃን ሠርግ አለብኝ፤ መጥተሽ ዳማን አንድ ሳምንት ጠብቂልኝ» አልኳት። መጣች። ሁለቱን ቀን ፎቶ ላከችልኝ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ነበር፤ ፎቶ አልመጣም። በአምስተኛው ቀን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እያለቀሰች ደወለች፤ ሥራ አምሽታ፣ ታክሲ አጥታ፣ ስትገባ ዳማ ከጠዋት ጀምሮ ብቻዋን በር ሥር ተኝታ አገኘቻት። «አክስቴ፣ ይህን በየቀኑ አደርግባታለሁ ማለት ነው» አለችኝ። አልወቀስኳትም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ውሻው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

ውሻ አልወሰደችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ትመጣለች። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አየር ጤና ደርሳ ሌላ ታክሲ ትይዛለች፤ ዳማን ይዛ ወደ ቤቴል አቅጣጫ ትወጣለች፤ ሁለቱም ጭቃ ለብሰው ይመለሳሉ፤ ቁርስ እንበላለን። በቀደም ለት የጉሊት ሴትዮዋ ልጅቷን «የዳማ እህት» ስትላት ሰማኋት።

ዳማ አሁን ወደ አሥር ዓመቷ ነው፤ ጉንጯ ሸብቷል፣ አንድ ዓይኗም ደመና ጀምሮታል። ቅዳሜን በምን እንደምታውቀው አላውቅም። ልጅቷ ገና ከታክሲ ሳትወርድ ተነሥታ በሩ ሥር ትቆማለች። እኔም ገመዱን ከሚስማሩ ላይ አውርጄ አብሬያት እጠብቃለሁ።